ከግድቡ ግርጌ

በቬርሞንት ዳገት፣ ጥድ በከበበበት፣
ሲሚንቶ ያልነካው፣ ብረት ያልገባበት
የአፈር ግድብ አለ።
የፈረስ ኮቴ ነው ጭቃውን ያጠናው፣
የጋሪ መንኮራኩር አናቱን ያቀናው፤
መቶ አስር ዓመቱ፣
ከተማው ጠጥቶ ሲተኛ፣ እሱ ቆሞ ማምሸቱ።
አፈርና ውሃ ሲገናኙ ጭቃ፤
ይሄኛው ውሃ አቅፎ፣ አድሮ አፈር ሆኖ ነቃ።

ጠባቂው ሃርላን ነው። ጎህ ሲቀድ ይወርድና
ከግርጌው፣ ከድንጋዩ ስር፣ ባልዲ ይደቅንና፣
እዚያ ግድቡ ያነባል፤
እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ እንባውን ያነባል።
ስንት ደቂቃ ፈጀ? ጥርት ያለ ነው ወይ?
በብርጭቆ ቀድቶ ያየዋል ወደ ሰማይ።
ደብተሩ ላይ በእርሳስ፣ «ሦስት ደቂቃ። ጥሩ።»
የአባቱም ደብተሮች፣ ይኸው ነው ነገሩ።

«ማልቀሱን ተወው» አለኝ፣ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣
«አፈር ነው፤ ያለቅሳል። አትደንግጥለት።
የደፈረሰ ቀን፣ ያን ቀን ነው መፍራቱ፤
ዓይኑ አይደለም ያን ቀን፣ ያለቀሰው አንጀቱ።»

አናቱ ላይ አንድ ሜፕል ነበረ፣
ሃርላን ሣር ሲያጭድ የሚምረው፣ እየዞረ።
መሐንዲስ ሲመጣ፣ ቅጽ ሲሞላ፣
«ቁጥቋጦ» ይላል፤
ለሦስት መኪና የሚበቃ ጥላ!
ለምን? አልጠየቅሁም።
ግንዱ ላይ በቢላ የተጻፈ ስም አለ፤ የሱ ስም አይደለም።

ጥቅምት ነበር። ባልዲው በሁለት ደቂቃ ሞላ።
ብርጭቆው ውስጥ ያለው ጠላ መሰለ፣ ጠላ።
ሃርላን ደብተሩን ዘጋ፤ ስልኩን አነሳ፤
«ዛፍ ነው፤ ቁጥቋጦ አይደለም። ዓመቱም ሠላሳ።»

ሳምንት ሙሉ ከተማው ቦቴ ሲጠብቅ ከረመ፤
ሜፕሉ ተጋደመ።
ሥሩን ተከትለን ቆፈርን፤ ክንድ የሚያህለው እስከ ውሃው ገስግሷል።
ጠምቶት ነው። ማንስ ያልጠማው ከዚህ ደርሷል?
ጉድጓዱን ሸክላ ሞላነው፤ ማሽኑም ጠቀጠቀ፤
ሃርላን አላመነውም፤ በቦት ጫማው ወርዶ ረገጠ፣
እንደ ጥንቱ ፈረስ፣ ላቡ እየፈለቀ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤
እሱ ተረቱን አያውቅም፤ የሁለቱንም ዋጋ ግን ባንድ ቀን ከፍሏል።

ዛሬም ማለዳ ነው። ባልዲው። ሰዓቱ። ብርጭቆው ወደ ሰማይ።
«ሦስት ደቂቃ» ይጽፋል። እርሳሱ ለአፍታ ይቆማል።
ከዚያ፣ «ጥሩ»።

አናቱ ላይ ክብ አፈር አለ፣ ሣሩ ገና ያልሸፈነው፤
ሲያጭድ ግን እስከዛሬ፣ የሚዞረው ዙሪያውን ነው።