የሐሙስ ማታ ጩኸት

ኦሲየክ ከተማ ከድራቫ ወንዝ ዳር
አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ስንኖር
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ልክ በሁለት ሰዓት
ሬዲዮው ይጮኽ ነበር፣ ያለ ዜማ፣ ያለ ቃላት።
ወፍጮ ጠጠር ሲፈጭ፣ ብረት ብረት ሲበላ፣
ጎረቤት ግድግዳ ሲደልቅ ከኋላ፤
ለእኛ ግን ጨዋታ ነው፣ ድምፅ ሆኖ የመጣ፣
ካሴት ላይ የሚያድር፣ ነገ ስክሪን ላይ የሚወጣ።

ኮምፒውተሯ ትንሽ፣ ከደብተር የማትበልጥ፣
የላስቲክ ቁልፏ ጣት ሲያርፍበት የሚሰምጥ፤
አባቴ ነው እሷን ከግራዝ ያመጣት፣
ፈታሽ እንዳያያት ባቡር ውስጥ የተቀመጠባት።
(እስከ ዛሬ ድረስ ቀኝ ጎኗ ጎባጣ ነው።
ኪሎውን ሲጠይቁት “እሷን ጠይቋት” ይል ነበር እየሣቀ።)

“ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ” ሲል አቅራቢው ከማዶ
ቀዩና ጥቁሩ ቁልፍ ባንድ ጣት ላይ ወርዶ፣
ማይኩን አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ለሬዲዮው ሽቦ አጥተን፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ።
ወንድሜ ዝላትኮ በር ላይ ዘብ ይቆማል፣
ባንድ እጁ ድመቷን ጉያው ውስጥ ይይዛል፤
እናቴ ኩሽና ቧንቧ ትዘጋለች፣
ሳህኑን እንደ እንቁላል ቀስ ታስቀምጣለች።
ካሴቱ የአባቴ ነው፣ የታምቡራ ዘፈን የነበረበት፤
አልነገርኩትም እንደቀዳሁበት።

ቤተ መንግሥት ነበር የዚያን ቀን ቀጠሮው፣
ሰባት በር ያለበት፣ ዘንዶ የሚጠብቀው።
አራት ደቂቃ ሙሉ ዝንብ ብትበር ይሰማል።
ዝላትኮ ደክሞት በሩ ላይ ተኝቷል።
ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር
በሩ ተከፈተ።
አባቴ ነው፣ ከትራሙ፣ ከማታ ፈረቃ፣
ኮቱ ላይ ዝናብ እየተንጠባጠበ።
ሁለት ጊዜ ሳለ።
“ዳቦ ገዝታችኋል?” አለ።

ካሴቱን መልሼ ለኮምፒውተሯ ሳሰማት
አዳመጠችው ጸጥ ብላ፣ እንደ ጥሩ ሐሜት፤
ቴሌቪዥኑ ዙሪያ ቢጫ ሰንበር እየሮጠ፣
ከዚያ ልክ ሳሉ ላይ “ስህተት” ብላ ጻፈች፣
ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች።
ብሞክር፣ ብሞክር፣ ዐሥር ጊዜ ብመልስ
ከሳሉ አታልፍም፤ ከዘንዶው አታደርስ።

አንድ ወር አኮረፍኩት። ትራሙን ስሳፈር
እንደማያውቀኝ ሰው ቲኬት ቆርጬ ነበር፤
እሱም በመስተዋት አጮልቆ እያየኝ
ደወሉን ሁለቴ ያለ ምክንያት መታልኝ።
አልሣቅሁም። መሣቅ እኮ ይቻል ነበር።

አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ።
ዝላትኮ ምድር ቤት ሲያጸዳ አንድ ካርቶን ላከልኝ፤
ውስጡ ያ ካሴት አለ፣ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩበት፦
“ቤተ መንግሥት። አይሠራም። በአባባ ምክንያት።”

ልጄ ቲሐና ሣቀች፤ “እማ፣ ይሄ ጨዋታ
ንጹሕ ቅጂው አለ እኮ” ብላ፣ በአንዲት ጥቅሻ ፋታ
ስልኬ ላይ ጫነችው።
ሰባቱንም በሮች ሻዬ ሳይበርድ ከፈትኳቸው።
ዘንዶው አራት አረንጓዴ ካሬ ነው፤ ምስኪን ነው።
አርባ ዓመት ሙሉ ቀረብኝ ያልኩት ይህን ነው።

ማታ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ አሮጌውን ካሴት አስነሣሁት፤
አራቱን ደቂቃ ጩኸት
እንደ ረጅም ኮሪደር በትዕግሥት አለፍኩት።
መጨረሻው ላይ፣ በሩ።
የረጠበ ጫማ።
ሳል። ደግሞ ሳል።
“ዳቦ ገዝታችኋል?”
ማንም አይመልስለትም፤
ትንፋሼን ይዣለሁ፣ እየቀዳሁ ነው።
ጥቂት ቆሞ ይጠብቃል፤
ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይንኳኳል፤
በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋል፣
በዚያ ዝናብ ተመልሶ ሊወርድ።
አቅራቢው ከወዲያ ማዶ
“መልካም ጨዋታ” ይላል።