እሺ ብላለች

ጨው በበላው ሜዳ፣ ከኦሩሮ ወዲያ፣
የጭቃ ቤት ነበራት ኤውሎጂያ።
እኔ አፍ ነበርኩ፤ በቀን ሂሳብ የማድር፣
ከአይማራ ወደ ስፓኒሽ ቃል የማሻግር።
ቶርበን ዓይን ነበር፤ ከዴንማርክ የመጣው፣
ጀርባውን ካሜራ፣ ፊቱን ፀሐይ የቀጣው።
ክፉ ሰው አልነበረም። ኮዳውን ያካፍላል፤
ከሕፃን ጋር ሲያወራ ቁጢጥ ይላል።

ያን ማታ ብርሃኑ ማር መሰለና
ግድግዳው ላይ ሲወርድ፣ ክንዴን ያዘና
«ጠይቃት» አለኝ፣ «ሳይጠፋብን፣ ቶሎ።»

ጠየቅኳት። የላማ ኩበቷን አስቀምጣ
የልጇን አፍንጫ አየች፤ የእግሯን ጣት፤
አመድ የለበሰ ቀሚሷን።
«ትንሽ ቆዩኝ» አለች፤ «ልጄን ልጥረገው።
ገመድ ላይ ነው ያለው ያ ሰማያዊው፣
ለበዓል የገዛሁት፤ ደርቆ እንደሁ ልየው።
ባሌም ቅዳሜ ይመጣል ከማዕድን ጉድጓዱ፤
ከሱ ጋር ብንነሳስ? ምን አለ ባትሄዱ?»

ይህን ሁሉ አለች።
ብርሃኑ ሊያመልጥ ነው፤ የቀን ሂሳቤም አብሮ።
ዞርኩና ለቶርበን
«እሺ ብላለች» አልኩ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
ሲያነሳት አሳነሳት፤ እኔ ነኝ ያቀበልኩ።

በሁለተኛው ዓመት መጽሐፍ መጣልኝ በፖስታ፤
ገጽ አርባ አንድ ላይ እሷ ናት፣ ከዳር ዳር ሞልታ።
ጥቁርና ነጭ።
የልጁ ንፍጥ እንደ እንቁ ያብረቀርቃል።
የሷ አፍ ክፍት ነው።
ከግርጌው «ዋይታ» ይላል፣ በደማቅ ቀለም።
ኤግዚቢሽኑ ላይ ሴቶች አለቀሱ አሉ።
እኔ ግን ያን ከንፈር አውቀዋለሁ፤
ዋይታ አይደለም።
«ሰማያዊው» እያለች ነው።

ከዳር፣ ምስሉ በተቆረጠበት፣
የገመዱ ጫፍ አለ፤ ጣት የምታህል ጨርቅ፣
ግራጫ።

ወሰድኩላት። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው።
ገንዘብ አልጠየቀችኝም።
ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር፤
ለገንዘብ ቃል አላጣም።
«ይህ ልጅ» አለች፣ «አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤
ጓደኞቹ ይህን ያያሉ?»
ዝም አልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ።

መጽሐፉን ከድና መለሰችልኝ።
«ንገረው» አለች፤ «አሁን ሳታሳጥር።
ቀሚሱ ደርቋል።»