ሁለተኛ ቤት

ሽምብጥ ነው ግቢዬ፣ ሁለት መቶ ካሬ፤
ሌሊት ከዓባይ አፍ ያጓራል ጉማሬ።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት
የተበጠሰ ክር ስቀጥል ኖሬበት
በማኅበር የደረሰኝ ነው፤
አንድ ሳሎን፣ አንድ ጓዳ፣ አንድ ማንጎ አለው።

ትብለጥ ተመለሰች፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣
ልጇ ጀርባዋ ላይ፣ ሻርፗ ላይ ጤዛ።
"ምነው?" አላልኳትም፤ በሩን ከፍቼ ቆምኩ።
ከሶፋው እግርና ከቴሌቪዥኑ መሐል
ፍራሽ ስታነጥፍ፣ ልጁን ስታስተኛ አየሁ።
ሲነጋ ወጣሁና
ከማንጎው በስተኋላ በእርምጃዬ ለካሁ፤
ሦስት በአራት ይሆናል።
አንዲት ክፍል። የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ።

"ለሚመለከተው ሁሉ" ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ።
ሁሉም ተመለከተው፤ ያየልኝ ግን የለም።
መስኮት ሦስት ወደ ስድስት፣ ስድስት ወደ ሦስት፤
አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን መብራት፣
አንድ ቀን ኃላፊው ለስብሰባ አዳማ ናቸው።
ልጁ መዳህ ጀመረ።

በአምስተኛው ወር አንዲት ልጅ ካርታውን ዘረጋች፤
"አባባ፣ እዚህ ነዎት" ብላ ጣቷን አሳረፈች።
ለካስ እኔ ቢጫ ነኝ!
ቢጫ መኖሪያ ነው፤ ባንድ ይዞታ አንድ ቤት።
ሁለተኛ ካሉ ቀለሙ ይቀየር፣
ይቀየር ከተባለ ኮሚቴ ይነጋገር፣
ጎረቤት ይፈርም፣ ባለሙያ ይለካ፣
ከዚያ በኋላ ይታያል።
ጣቷን አለፍ ብዬ ወደ ጣና አየሁኝ፤
የሐይቁ ዳር በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ዘንባባ፣ ደንገል፣ ወፍ።
ያ ባለ አምስት ፎቅስ? በየት በኩል በቀለ?
አልጠየቅኳትም። ልጅ ናት። ቀለሙን እሷ አልቀባችው።

የጎረቤቴ ስም እምቢአለ ነው።
የማንጎዬ ቅጠል አሸንዳውን ደፈነው ብሎ
ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቶኛል።
ወረቀቱን ይዤ በሩን ሳንኳኳ
መልሱ ከነስሙ ታውቆኝ ነበር።
መነጽሩን ፈለገ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።
"ለትብለጥ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት።
እስክሪብቶው እምቢ አለ፤
በትንፋሹ አሙቆት፣ መዳፉ ላይ ሞክሮት፣
እምቢአለ ፈረመ።
"መስኮቷን በኔ በኩል አድርገው" አለኝ፣ ቀና ሳይል፣
"ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማኝ። ቤቴ ጭር ብሏል።"

ደንቡ መስኮት ወደ ጎረቤት አይፈቅድም፤
ሊለካ የመጣው ልጅ ነው የነገረኝ።
ሜትሩን ስቦ፣ ቆሞ፣ ማንጎዋን ሽቅብ አያት፤
"ወይ ዛፏ ትቆረጥ፣ ወይ ክፍሏ ትጥበብ" አለ።
ትጥበብ አልኩት።
ማንጎ ሸመጠጥኩለት፤ በፌስታል ይዞ ሄደ።

ሙጨ የሚባል የፈረቃ ጓደኛ ነበረኝ፣
ለሜይ ዴይ ግጥም የሚጽፍልን፤
"አንድ ስንኝ ብቻውን ቤት አይመታም" ይል ነበር፣
"ጎኑ ሌላ ካልቆመለት ተንጠልጥሎ ይቀራል።"
ይህን ለመስኮት ስድስት
በየትኛው ፎርም ልሙላው?

ውሳኔው አልመጣም።
"ማክሰኞ ተመለስ" ብለውኛል፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልነገሩኝም።
እኔ ግን አራት ችካል ተክዬ
ከፋብሪካ የቀረኝን ክር ደርቤ ወጠርኩ፤
በሩ የሚሆንበትን ክፍት ተውኩት።
ክር መወጠር ፈቃድ አይጠይቅም፤ እስካሁን።
ትብለጥ የሕፃኑን ካልሲዎች
ግድግዳው ላይ አሰጣች።

ትናንት እምቢአለ ሊጠይቀን መጣ።
ክሩ ከጉልበቱ አያልፍም፣
ሊሻገረው ይችል ነበር፤
ዞሮ ሄዶ፣
ጫማውን አውልቆ፣
በበሩ ገባ።