ቋጠሮ

የሐይቅ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ታንኳ አላት፣
ከዓሣ ማኅበሩ ለምነን ያገኘናት፤
ሞተሯ ከነከሰ ሁለት ክረምት ሆናት።
«የባሕር ፖሊስ» ይሉኛል የቢሮ ልጆች ሲቀልዱ፤
አሰብን አላዩ፣ ወደብ አልወረዱ።

እኔ ግን ነበርሁ፤ በወደብ ምርመራ፣
በቆርቆሮ ቢሮ፣ ከኑርዬ ጋራ፤
ጨው በበላው ወንበር፣ ጨው በበላው በር፣
የጎደለ ስኳር ሌሊት ስንቆጥር።
አለቃችን ሻምበል ወልደየስ ይለን ነበር፦
«ውኃ አይመሰክርም፤ አፉን ሞልቶታል።
ገመዱን ጠይቁ፤ ገመድ እጅ ያውቃል።»

አሰብ ስትዘጋ፣ በግንቦት ሙቀት፣
ሰባት ሆነን ወጣን በአንዲት ጀልባ፣ ሌሊት።
ማዕበል ሲያነሣን፣ ኑርዬ ዞሮ፣
ከጀልባዋ አግዳሚ ወገቤን ቋጥሮ፣
«አትፍታው» አለኝ። አልፈታሁም።
ከሰባታችን ሁለቱ ሞካ አልደረሱም።
ጠባሳው እስካሁን ወገቤ ላይ አለ፣
እንደ ሌላ ቀበቶ እየተከተለ።

በጅቡቲ ዞረን፣ በባቲ በኩል ገባን፤
ባሕሩ ከነስሙ ከኋላችን ቀረን።
እሱ መረብ ያዘ፤ እኔ መለዮ ደፋሁ፤
የአሰብን ነገር አያነሣም፣ እኔም አላነሣሁ።

አሥራ አራት ዓመት። ታኅሣሥ። ብርድ።
ሙሄ አሥጋሪው ተገኘ ከቄጠማው መሃል፣
ፊቱ ወደ ታች፣ አንዳች የወደቀበት ይመስል።
«ውኃው ጠራው» አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤
ሰው ሰው አይገድልም፣ ውኃ ነው የሚጠራው።
መዝገቡን ልዘጋ፣ ፊርማዬ ሲቀር፣
ታንኳውን አየሁት፣ ከድንጋዩ ዳር፣
ታስሮ።
የሰጠመ ሰው ተመልሶ ታንኳውን አያስርም።

የሐይቅ ሰው ሲያስር ሁለቴ ጠምዝዞ
ጥሎት ይሄዳል፣ ዓሣውን ይዞ።
ይህ ግን ዓይን ነበረው፣ አንገት ነበረው፣
ጅራቱ በግራ ተመልሶ የገባው።
ጎንበስ ብዬ ነካሁት።
ወገቤ አወቀው።

ኑርዬ ገበያው ጥግ መረብ ይሸጣል፣
ዓይኑ የጠበበ፣ ጫጩት የሚያሠግር፤
ሙሄ «አመለክታለሁ» ብሎት ነበር።
ይህን የነገረችኝ ሉባባ ናት፣ ሚስቱ፤
እንደ ዕቁብ ሒሳብ፣ አንድ ባንድ፣ ያለ እንባ፣ ከነዕለቱ።

ሄጄ ያዝሁት። ሻይ አዘዘልኝ።
«እንዴት አወቅህ?» አላለኝም፤ እጄን አየኝ።
ቃሉን ስቀበለው «አላውቅም» ብሎ ፈረመ፣
ብዕሬን መለሰልኝ፣ ክዳኑን ገጥሞ።

ደሴ። ዐቃቤ ሕጉ ልጅ እግር ነው፣ ቸኳይ፤
«ቋጠሮ ፊርማ ነው? በየትኛው ሕግ ላይ?
ስንት ሰው ነው የሚያውቀው?» «ሁለት ሰው» አልሁት።
«አንዱ ተከሳሹ። ሌላውስ?» ዝም አልሁት።

ችሎቱ ሞልቷል። ሁለት ክንድ ገመድ ሰጡኝ፤
«አስረህ አሳየን» ብለው ዳኛው አዘዙኝ።
አሰብ በጣቶቼ ተመልሶ መጣ፤
ጨው፣ ናፍጣ፣ የሻምበል ወልደየስ ቁጣ።
ዓይኑን ሠራሁ። አንገቱን አዞርሁ።
ጅራቱ ላይ ስደርስ፣ በቀኝ አስገባሁ።

ረስቼ ነው? ፈልጌ ነው? ዛሬም አላውቅም።
ሳብ ሳደርገው ላላ፤ ገመድ ብቻ፣ ምንም።
ጠበቃው ፈገግ አለ።
ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።
ሉባባ፣ ከኋላ ወንበር፣ ልጇን ታቅፋ፣
ፊቴን አይደለም፣ እጄን ታያለች።

ያን ጊዜ ከተከሳሽ ሳጥን፣ ጠበቃው ሳይዘው፣
ኑርዬ ተነሣ፦ «ይማም! በግራ ነው!
በግራ ነው አላልሁህም? ስንቴ ላሳይህ?
በዚህ አያያዝህ ሰው ታስጨርሳለህ።»

ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጻፈችው።