ወደ ውሃው የዞረው መብራት

ቃለ ጉባኤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣
ቁንዝላ ወደብ ላይ ትኬት የምቆርጥበት
ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የያዝኩት።
«ዛሬ ግንቦት ስድስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤
አጀንዳ፦ ለወደቡ ደህንነት ማጠናከሪያ
ከመንግሥት ስለተፈቀደው በጀት።»

ከባሕር ዳር የመጣው መሐንዲስ፣ አቶ ይበልጣል፣
ወረቀቱን ዘርግቶ ቁጥር ይደረድራል፦
አጥር፣ በየብሱ በኩል፣ ሁለት መቶ ሜትር ሽቦ፤
ሁለት ካሜራ፣ መጓጓዣው ሳይቀር ታስቦ፤
አንድ ማማ፤ የብረት በር፤ በሩን የሚያይ ትልቅ መብራት፤
ለጥበቃው ካፖርትና ቆብ፤ ሲደመር ሚሊዮን ገባ ድንገት።

አንሙት እጁን አወጣ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ዳርቻ በፊሽካ የጠበቀው፣
እናቱ ሦስት ቀብራ፣ «እንግዲህስ አንሙት» ብላ የሰየመችው።
«ገመድ የለበትም?» አለ፣ «የሚወረወር ገመድ?
የሚንሳፈፍ ጃኬትስ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወርድ?
ሌባማ ምን ይወስዳል፣ ዕቃችን ማንጎ ነው፤
ከእኛ ዘንድ አዘውትሮ የሚሰርቅ ሐይቁ ነው።»

ይበልጣል ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም።
«አንሙት፣ ርዕሱ ጥበቃ ነው፣ ዋና አይደለም፤
እሱ ሌላ ቢሮ ነው፣ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ኮድ።»
ጻፍኩ፦ «ጥያቄው ታይቶ ታልፏል።» አንድ መስመር፣ በግድ።

አጥሩ ቆመ በሦስት ወገን፤ በአራተኛው ጣና፤
እምቦጩ በዚያ ገባ፣ ያለ መታወቂያ፣ አረንጓዴ ሆኖ ቀና።
በበሩ ግን ሰው ተሰልፎ
የዶሮ ቅርጫት ሳይቀር ተፈተሸ።
ካሜራው ሁለቱንም አየ፤
ማየት እንጂ መናገር አልተበጀተለትም።

ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከገበያ የወጣ ጀልባ
ወደ ደቅ ሲሻገር ነፋስ ተነሣ፤ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገባ።
ሠላሳ አንድ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ጉርዱ ከእጄ አልወረደም፤
በዚያ ዝናብ ሐይቅና ሰማይ፣ ዳርና መሐል አይለይም።
አንሙት ማማው ላይ ወጣ፤ ብሎኑን በመፍቻ ፈታ፤
በሩን እንዲያይ የታሰረውን አንገት ጠመዘዘ በሁለት እጁ፣ በዝግታ።
መብራቱ ተንቋቋ፣ ከዚያ ፊቱን ለውሃው ሰጠ።
በሩ ጨለመ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ በመቅዘፊያ፣ በባልዲ፣ በጸሎት፣
ያቺን አንዲት ነጭ ጎዳና ተከትለው ደረሱ።
ሠላሳ ቆጠርኩ።
እንደገና ቆጠርኩ።
ሠላሳ አንደኛዋ ሙጪት ነበረች፣ ጨው ነጋዴዋ፤
ሃያ ክንድ ሲቀር ከዳር፣ ከጠርዙ ላይ ተንሸራትታ
ሁለት ጊዜ ታየች፣ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ።
አንሙት ፊሽካውን ወረወረላት።
ሌላ ምን ነበረው ከእጁ?

በመስከረም ኦዲተር መጣ። አጥር፦ አለ። በር፦ አለ።
ካሜራ፦ አለ። ካፖርትና ቆብ፦ አለ።
መብራት፦ «ከተመደበበት አቅጣጫ ውጭ ዞሮ ተገኝቷል» አለ።
ማስጠንቀቂያውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤
አንሙት ሳያነብ ፈረመ፣ አጥፎ ካፖርቱ ኪስ ከተተ።

ዛሬም በሩ ጨለማ ነው፤ ቁልፉን በዳሰሳ እንከፍተዋለን።
ከማማው ሥር ጥቅል ገመድ አለ፣ አርባ ክንድ፤
የንብረት ቁጥር የለው፤
ማን እንደገዛው አልተጻፈም። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤
አልጽፈው።