ስድስት ጎራሽ

ኅዳር ነው፤ ሰሜን ዳኮታ፤ ወንዙ ቆዳ አውጥቷል፣
የእህል ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮታችን ይንቀጠቀጣል።
ዳግኒ ሆቭላንድ ገባች፣ በረዶ ከጫማዋ አራግፋ፣
በዱቄት ከረጢት የጠቀለለችውን ብረት አቅፋ።

የአባቷ ነው። አርቪድ፤ የፖስታ ባቡር ዘበኛ፣
ሌሊቱን ከደብዳቤ ጋር የሚጓዝ፣ ቀን የሚተኛ።
የእጀታውን እንጨት አውራ ጣቱ በልቶታል፤
ሰውዬው ከሞተ ሠላሳ ዓመት፣ ጣቱ እዚያው ቀርቷል።

ከኪሷ ሳጥን አወጣች፤ አዲስ ጥይት፣ ቀይ ወረቀት፣
ከቁጥሩ ጎን ጠብ ያለች አንዲት የመደመር ምልክት።
«የጎረቤቴን በረት ሰብረዋል» አለች፤ «እኔ ብቻዬን ነኝ።
ሻጩ ‹ይገባል› ብሎኛል። አንተ ደግሞ ንገረኝ።»

መምህሬ ትቬት እጁ ሳይጠይቅ አፉ አይመልስም።
ከበሮውን በጣቱ ወዘወዘው፤ ምንም አላለም።
ቃታውን በዝግታ ስቦ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠጋ፣
ሐኪም በአሮጌ ደረት ላይ እንደሚያደርገው፣ ለሳል ፍለጋ።
በከበሮውና በበርሜሉ መሐል ስስ ምላጭ ሰደደ፤
«ሰፍቷል» አለ፤ ምላጩ ግራ ቀኙን ሳይነካ ሄደ።

«መግባትማ ይገባል፤ መውጣቱ ነው ጣጣው።
ጉርሻው ያው ጉርሻ ነው፤ የበዛው ቁጣው።
ይህ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ግን በአባትሽ ዘመን
እየለኩ ነበር የሚያጎርሱት፤ ዛሬ ማን ያውቃል መጠን?»

«ያክስቴ ልጅ ሙሉ ሳጥን ተኩሷል፣ በዚሁ ዓይነት፤
ምንም አልሆነም።» ትቬት ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀለት።

«የአንዱ ብረት ዝምታ ለሌላው ዋስ አይሆንም፤
ዝም ያለ ሁሉ ችሎ አይደለም የቆመው፣ አይደለም።
ያኔ ከበሮውን በእሳት ማጠንከር ገና አልተለመደም።
ምናልባት መቶ ይችላል። ምናልባት ሦስት።
እኔ አላውቅም፤ እሱም አይናገርም።
ብረት አያለቅስም፤ ብረት ቂም ይይዛል፤
ቂሙን የሚከፍል ቀን ከያዘው ጣት ይጀምራል።»

መሳቢያውን ሳበ። ብሎን የምናስቀምጥበት ዕቃ ነበር፣
በየቀኑ የማየው፣ ምን እንደሆነ አስቤበት የማላውቅ፦
የፈነዳ ከበሮ። ሦስቱ ጉድጓዶች የሉም፤
ቀሪው እንደ በለስ ተከፍቷል።
የማን እንደነበር አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዳግኒ ረጅም ጊዜ አየችው።
ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች።
«እኔም» አለች፣ «ከሆቭላንድ ጋር አርባ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ።
ሰዉ ሁሉ ‹ቻለችው› ይል ነበር።»
ሌላ አልጨመረችም። ባቡር አለፈ።
በተሰነጠቀው ከበሮ ውስጥ ብሎኖቹ ተንጫጩ።

ለዘብ ያለውን ጥይት ይዛ ወጣች፣ የአባቷን መጠን፤
ተወችልን ጠረጴዛው ላይ ያንን ቀይ ሳጥን።

ማታ፣ ትቬት ሄዶ፣ ሱቁን ልዘጋ ብቻዬን ስቀር፣
ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሌላ ስድስት ጎራሽ ነበር፣
የዚያው እኩያ፣ የዚያው ብረት፤ አወረድኩት ቀስ ብዬ፣
ከቀዩ ሳጥን አንዲት ጥይት በሁለት ጣቴ ነጥዬ
ከጉድጓዱ አፍ አደረስኳት። አልገፋኋትም፤ ተንሸራታ ገባች፤
ቅች ብላ፣ እንደ ቁልፍ በገዛ ቤቷ፣ ተመቻቸች።

ምንም አልከለከላትም።
አወጣኋት።
ያስፈራኝ መግባቷ አልነበረም፤
እንደዚያ ልኳ መሆኑ ነው።