ሦስተኛ እጅ

የጦሳ ጉም ወርዶ ሳላይሽን ሲያለብስ፣
ቤታችን ይመሻል፣ ገና ሰባት ሳይደርስ።
እስከ ወገብ ድረስ ግድግዳው አረንጓዴ፣
ዘይት ቀለም ነበር፤ አባቴ በዘዴ፣
«እድፍ አያሳይም» ብሎ የመረጠው፣
ሠላሳ ክረምት ነው ንቅንቅ ያላለው።
ከወገብ በላይማ ማን ስም ያወጣለታል?
ኖራም አይሉት፣ ጥላሸትም አይሉት፣
ቀለም አይደለም እሱ፤ ዝም ብሎ መሸ ነው።

የእናቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ፣
በሩና ቁም ሳጥኑ አንድ ሆኑባት።
አንድ ቀን ግንባሯ አብጦ አገኘኋት።
«ከማን ተጣላሽ?» ስል፣ «ከቤቴ» አለችኝ፤
እሷ ሳቀች እንጂ፣ እኔን ግን አመመኝ።

ፒያሳ ወጣሁ፣ ቀለም ቤት።
ባለሱቁ ዘረጋልኝ ባለ መቶ መስኮት ወረቀት፤
ክሬም፣ ቫኒላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የዝሆን ጥርስ፤
ጣቴ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ፣
«ፈካ ያለ» አልኩት፣ «ግን ደግሞ ሞቅ ያለ።»
«የምን ዓይነት ሞቅ ያለ?» አለ።

ምን ብዬ ላስረዳው?
ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣
ሀረጎ ላይ፣ ከአንዱ መታጠፊያ ዘንድ፣
ጉሙ ድንገት ሲያልቅ፣
የሚኒባሱ ረዳት ጃኬቱን ሲያወልቅ፣
ታች ሜዳው ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ብርሃን፣
እሱ በየትኛው ጣሳ ነው ያለው?

ቀለም ቀቢው ይማም ግን ሲነገረው ገባው።
ሁለት ቀን አረንጓዴውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣
ቅንድቡ ሣር መስሎ፣ ራሱን በመስታወት አይቶ ሳቀ።
ከዚያ ነጩን ባልዲ ውስጥ ገለበጠና፣
«ቢጫ በማንኪያ፣ ቀይ በጥፍር ጫፍ» አለ፤
«ቀዩ ካለፈ ሥጋ ቤት ይሆናል።»
ጣቱን እየነከረ ግድግዳው ላይ ይጭራል፤
«እትዬ ዘምዘም፣ ይታይሻል?»
«ምኑ?»
«ይሄስ?»
«የቱ?»
ጠብታ ጨመረ፣ አማሰለ፣
ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቀባ።
እሷም አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣
«እዚያ ጋ መስኮት ነበረ እንዴ?» አለች።
በዚያው ባልዲ ቤቱ ሁሉ ተቀባ።

አንደኛ እጅ። ሁለተኛ እጅ።
ከአልጋው በላይ ግን አንድ ክብ ጥላ፣
ሣህን የሚያህል፣ ቀለሙን ሰንጥቆ ከውስጥ ወጣ።
አባቴ ነው። ማታ ማታ፣
ሬዲዮኑን ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣
ዜናው እስኪያልቅ ራሱን የሚያስደግፍባት ቦታ።
ይማም ሦስተኛ እጅ ደገመ።
ሲነጋ አየን፤ እዚያው ቆሟል፣ እንደቆመ።
«ቅባት ነው» አለ፣ ያፈረ ይመስል ብሩሹን እየጨመቀ፣
«የውሃ ቀለም አይቀበልም።»
እናቴ በመዳፏ ዳስሳ አገኘችው።
«ተወው» አለች።
«ሲኖርም ምክር አይቀበልም ነበር።»

ዛሬም ጉሙ ይወርዳል፣ መብራቱም ይጠፋል፤
በሰባት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ይፈልጋል።
እንግዳዬ፣ ጎረቤታችን፣ በአጥር ቀዳዳ አይታ፣
«እናንተ ጋ መጣ እንዴ?» ትላለች ተጣርታ።
«አልመጣም» ትላታለች እናቴ፣ ከአልጋዋ ላይ፣
ራሷን ከዚያ ክብ ጋ ቀስ አድርጋ እያስጠጋች፣
«ቀብተነው ነው።»